ሲያትል ተቀምጦ የሚያቃጥል ትኩስ ቃሪያ ማግኘት፦ ከሱቅ መደርደሪያ እስከ ያኪማ ሸለቆ

የሲያትል አየር ለጎመን፣ ለቆስጣና ለድንች ይመቻል፤ ለቃሪያ ግን አይሆንም። በሐምሌ እንኳ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ወደ 14 ይወርዳል። ታዲያ ብዙ ሰው ከትልቁ ሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የታሸገ ሃላፔኞ ገዝቶ ይገባል፤ ከጥብሱ ጋር ሲነክሰው ሣር ሣር ይለዋል። «የአሜሪካ ቃሪያ አያቃጥልም» የሚለው ፍርድ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም፤ ቃሪያው የተፈለገው ከማይገኝበት ቦታ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባም ብትሆን ቃሪያዋን ራሷ አታበቅልም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አረንጓዴው ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ፣ ዛላው ከማረቆ፣ ከሀላባና ከቡሬ በመኪና ተጭኖ ይገባላታል። ሲያትልም የራሷ መቂ አላት፤ ከካስኬድ ተራሮች ማዶ ያለው የያኪማ ሸለቆ ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣውን ዝናብ ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት ያኪማ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ እርሻው የሚጠጣው ከያኪማ ወንዝ በመስኖ ነው። ቃሪያ የሚወደው እንዲህ ያለውን አገር ነው። የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብም እሱ ነው፤ በብርዱ ከተማ ውስጥ ከመድከም፣ የሞቃቱ ሸለቆ ምርት መቼና በየትኛው በር እንደሚገባ ማወቅ።

የወራቱን ስም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

1. መጀመሪያ ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ

«ቃሪያ» ብሎ ወጥቶ ያገኙትን ይዞ መመለስ የብዙ ቤት ልማድ ነው። እዚህ አገር ግን ገበያው ላይ የሚቀርበው ዓይነት ብዙ ስለሆነ ምግቡን አስቀድማችሁ አስቡ። የማቃጠል መጠን የሚለካው ዊልበር ስኮቪል በ1912 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቃሪያው ይበረታል።

ለስንግ ሥጋው ወፈር፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ቃሪያ ያስፈልጋል። ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ስኮቪል ስለሚደርስ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሞላ ልክ ይሆናል። ማቃጠል የማይችሉ እንግዶች ካሏችሁ አናሃይም የሚባለውን ረጅሙን ውሰዱ፤ ከ500 እስከ 2,500 ነው፤ ልጆችም አይሸሹትም።

ከእንጀራ ጋር በጥሬው ለሚነከስ፣ ለቲማቲም ሰላጣና ለፍትፍት የእኔ ምርጫ ሴራኖ ነው። ቀጠን ያለ፣ ቆዳው ስስ፣ ከ10,000 እስከ 23,000 ስኮቪል የሚለካ ሲሆን፣ ሲነከስ የሚሰጠው ስሜት ለአገር ቤቱ ቃሪያ በጣም ይቀርባል። ሃላፔኞ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሴራኖን ሳይሞክር አይፍረድ።

ለቆጭቆጫና ለዳጣ ሴራኖውን መሠረት አድርጋችሁ ታይ የሚባለውን ትንሹንና ሹሉን ቃሪያ ጨምሩበት። ታይ ቃሪያ ከ50,000 እስከ 100,000 ይደርሳል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጤና አዳም ጋር ሲፈጭ ጥቂቱ ይበቃል። ቀይ ሆኖ የበሰለው ታይ ቃሪያ ሲደርቅ ለሚጥሚጣም ያገለግላል።

ሃባኔሮን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለእኛ ምግብ አይሆንም። እስከ 350,000 ስኮቪል መድረሱ አይደለም ችግሩ፤ የፍራፍሬ ዓይነት ጠንካራ ሽታ ስላለው ወጡን ሌላ አገር ይወስደዋል።

2. ከተማው ውስጥ የት እንደሚገዛ

ደንቡ አንድ ነው፤ ቃሪያው ሳይታሸግ ተከምሮ የሚሸጥበት፣ የሱቁ ደንበኞችም በየቀኑ በቃሪያ የሚያበስሉበት ቦታ ግዙ። እንዲህ ባለ ሱቅ ክምሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ የቆየ ነገር አይጠብቃችሁም።

በ12ኛ ጎዳናና በጃክሰን መገናኛ ዙሪያ፣ ሊትል ሳይጎን በሚባለው ሰፈር ያሉት የቬትናም ሱቆች ታይ ቃሪያን ዓመቱን ሙሉ ይይዛሉ። ኡዋጂማያና ኤች ማርት የሚባሉት የእስያ ምግብ መደብሮች ደግሞ ረጅሙን የኮሪያ አረንጓዴ ቃሪያ ያቀርባሉ። መልኩ ከአገር ቤቱ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎቻችንን ይስባል፤ ነገር ግን ተራው ለስላሳ ነው። ቾንግያንግ የሚባለውን ካገኛችሁ ግን እሱ ያቃጥላል። በዋይት ሴንተርና በቡሪየን ያሉት የሜክሲኮ ሱቆች ለሴራኖና ለሃላፔኞ ከሁሉም ይሻላሉ፤ ዋጋቸውም አይጎዳም። እዚያው አንዳንድ ጊዜ ማንዛኖ የሚባል ድቡልቡል ቢጫ ቃሪያ ይገኛል። ሲከፈት ፍሬው ጥቁር ነው፤ ይህን ስም ያዙት፤ ስለ ተከላ ስናወራ እመለስበታለሁ።

በቼሪና በሬይኒየር ጎዳናዎች ያሉት የእኛ ሱቆች ለእንጀራ፣ ለጤና አዳምና ለቅመም አንደኛ ናቸው። ለትኩስ ቃሪያ ግን ዕቃው የሚገባበትን ቀን ባለሱቁን ጠይቃችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። «እማማ፣ ቃሪያው መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስነውርም፤ እንዲያውም ደንበኛ ከሆናችሁ ያስቀምጡላችኋል።

ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በየሱቁ የምታዩት ትኩስ ቃሪያ አብዛኛው ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ረጅም መንገድ ተጉዟልና በዚህ ወቅት የምርመራው ነገር ይበልጥ ይጠብቃል።

በአውሮፓ የምትኖሩም በዚሁ ደንብ ሂዱ። በጀርመን የቱርክ ሱቆች ሲቭሪ የሚባለውን ቀጭን ረጅም ቃሪያ ይሸጣሉ፤ ለስላሳውም የሚያቃጥለውም ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ «አጂ» የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። በእንግሊዝ የሕንድና የባንግላዴሽ ሱቆች ጣት የሚያህለውን ቀጭን አረንጓዴ ቃሪያ በየቀኑ ይሸጣሉ፤ ለዳጣ ተስማሚ ነው።

3. እጅ ላይ አድርጋችሁ መርምሩ

ከቆዳው በፊት ጭራውን እዩ። ትኩስ ቃሪያ ጭራው አረንጓዴና እርጥብ ነው፤ ከፍሬው ጋር የሚገናኝበት ቆብም ተጣብቆ ይይዛል። ጭራው ቡናማ ሆኖ ከሟሸሸ፣ ወይም በቆቡ ዙሪያ ነጭ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ካለ ውስጡ መጥቆር ጀምሯል፤ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ተዉት። አንዳንድ ሱቆች ውኃ እየረጩ ያሳምሩታልና ማብረቅረቁ ምስክር አይሆንም።

ቀጥሎ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ጠንከር ብሎ ጣታችሁን መልሶ የሚገፋ መሆን አለበት። ለጆሮ አስጠግታችሁ ስትነቀንቁት ፍሬው የሚንሿሿ ከሆነ ቃሪያው ውስጡ ደርቋል፤ ለማድረቅ ካልሆነ ለጥሬ አይመረጥም።

ሃላፔኞ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸሸው አንድ ምልክት አለ፤ ቆዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ክር የመሰሉ ቡናማ ስንጥቆች። ይህ ብልሽት አይደለም። ፍሬው ተክሉ ላይ ቆይቶ በመብሰሉ ቆዳው ተወጥሮ የተሰነጠቀበት ጠባሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከለስላሳው ጓደኛው ይበልጥ ያቃጥላል። ሌላው ሰው ለውበት ብሎ ለስላሳውን ሲመርጥ፣ እናንተ ክምሩን ገለጥ አድርጋችሁ ባለ ስንጥቁን ሰብስቡ።

መቅመስ ከተፈቀደላችሁ ጫፉን ነክሳችሁ አትፍረዱ። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ የሚሠራውም ፍሬውን በያዘው ነጭ ጅማት ውስጥ ነው። ጅማቱ የሚበዛው ወደ ጭራው በኩል ስለሆነ ከዚያ ቀጭን ቁራጭ አውጥታችሁ ቅመሱ። ጫፉ ግን ሁልጊዜ ይዋሻል። ከአንድ ተክል የተለቀሙ ሁለት ቃሪያዎች እንኳ እኩል ላያቃጥሉ ስለሚችሉ፣ አንዱን ቀምሶ ኪሎ ከመግዛት ሁለት ሦስት ቅመሱ።

ለትላልቅ ሱፐርማርኬቶች የሚመረት ሃላፔኞ እንዲለዝብ ታስቦ የተዳቀለ ሊሆን እንደሚችልም እወቁ። ታም የሚባለው ዝርያ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የወጣው ለዚሁ ዓላማ ነው። እንዲህ ያለውን በምርመራ ብቻ መለየት ስለማይቻል ገበሬውን ራሱን መጠየቅ ይመረጣል።

4. የገበሬዎች ገበያ

የያኪማ ቃሪያ ራሱ ተራራውን ተሻግሮ ሲያትል ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት፣ እሑድ በባላርድ፣ በሞቃቱ ወራት ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኮሎምቢያ ሲቲ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። የመጨረሻው ብዙ ወገኖቻችን ለሚኖሩበት የሬይኒየር ሸለቆ ቅርብ ነው። ከማብተን የሚመጣው የአልቫሬዝ ኦርጋኒክ እርሻ በቃሪያ ዓይነቶቹ ብዛት የታወቀ ስለሆነ ስሙን ባያችሁበት ቁሙ።

ጊዜው ወሳኝ ነው። አረንጓዴው ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይጀምራል፤ ነሐሴ ላይ ይሞላል፤ ቀዩ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ይደርሳል። ቀይ ቃሪያ ለዳጣና ለአዋዜ የምትፈልጉ ከሆነ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለውን ጊዜ አታሳልፉ። መስከረም ሲያልቅ ያኪማ ላይ ውርጭ ይወርድና ነገሩ በአንድ ሌሊት ያበቃል።

ሻጩን «ያቃጥላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «በጣም!» ይላል፤ የእሱ ደንበኛ አብዛኛው ትንሹም የሚበዛበት ሰው ነውና። «እናንተ ቤታችሁ የምትበሉት የቱን ነው?» በሉ። ከሸለቆው የሚመጡት ገበሬዎች ብዙዎቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው፤ ከማብሰያቸው ጠረጴዛ የማይለየውን ቃሪያ ያለ ማመንታት ያሳዩአችኋል። ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ «ውኃ ካነሰው ማሳ የተለቀመ አላችሁ?» ቃሪያ ውኃ ሲያጥረው ይበልጥ ያቃጥላልና ይህን ሲሰሙ ደንበኛው የሚያውቅ መሆኑን ይረዳሉ።

ለብዙ ቤተሰብ ወይም ለድግስ ከሆነ በሳጥን ስንት እንደሚሸጡ ጠይቁ፤ በፓውንድ ከመግዛት ይረክሳል። ገበያው ሊዘጋ ሲል መሄድም ያዋጣል፤ የተጣመመውንና ጠባሳ ያለበትን በርካሽ ይለቁታል፤ ለሚፈጭ ነገር ደግሞ መልክ ምን ያደርጋል? በምግብ ድጋፍ ካርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ገበያው የመረጃ ድንኳን ጎራ በሉ፤ ለአትክልትና ፍራፍሬ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል።

5. ራሳችሁ ሄዳችሁ ልቀሙ

ከሲያትል እስከ ያኪማ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ90 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስኖኳልሚ ማለፊያን ተሻግራችሁ፣ ኤለንስበርግ ላይ ወደ 82 ቁጥር ትታጠፋላችሁ። መንገድ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከያኪማ ጥቂት ወደ ደቡብ ዋፓቶ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ እዚያ ያለው ክሩገር ፔፐር ጋርደንስ ገዢው ራሱ ገብቶ የሚለቅምበት የቃሪያ እርሻ ነው። እርሻው ክፍት መሆኑንና የትኛው ዓይነት እንደደረሰ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ብትሄዱ ነዳጁም ድካሙም ይከፈላል። ጓንት፣ ባርኔጣ፣ ውኃና አየር የሚያስገባ ሳጥን ያዙ። ቃሪያውን ከተክሉ ስትነጥሉ አትጎትቱ፤ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ ጭራው ተነጥሎ የቀረ ቃሪያም ቶሎ ይበሰብሳል። ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይዛችሁ ፍሬውን ወደ ላይ ቀና ስታደርጉት ከነጭራው ይለቃል። በፕላስቲክ ከረጢት አፍናችሁ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ሲያትል ሳትደርሱ ያልባል።

6. በረንዳና ጓሮ ያላችሁ

በሲያትል ቃሪያ ማብቀል ይቻላል፤ ግን ሙቀት የሚሰርቅ ሰው ይፈልጋል። ዘሩን ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ቤት ውስጥ ዝሩ። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበቅላል፤ የማሞቂያ ምንጣፍ ከሥሩ ማንጠፍ ትልቁን ልዩነት ያመጣል። ከበቀለ በኋላ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት የመብራት ብርሃን ይፈልጋል፤ የመስኮት ብርሃን ብቻ ያገኘ ችግኝ ቀጥኖ ይወድቃል።

ወደ ውጭ ለማውጣት አትቸኩሉ። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜ የተተከለ ቃሪያ አይሞትም፤ ግን ይኮርፍና ወር ሙሉ ሳያድግ ይቆማል፤ ያበበውንም ያረግፋል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ጠብቁ። ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እያወጣችሁ አስለምዱት። ቦታው ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ይሁን፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ጥቁር ማሰሮ ከመሬት ይሻላል፤ መሬት ላይ ከተከላችሁም አፈሩን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኑት።

ዓይነት ስትመርጡ ፈጣኑን ምረጡ። ሃንጋሪያን ሆት ዋክስ በ70 ቀን ገደማ ይደርሳል። ኧርሊ ሃላፔኞም ጥሩ ነው። አሁን ወደዚያ ጥቁር ፍሬ ወዳለው ማንዛኖ እንመለስ። ዘመዶቹ አንዲስ ተራሮች ላይ የኖሩ ስለሆኑ ከአብዛኛው ቃሪያ ይልቅ ቅዝቃዜን ይችላል፤ ውርጭን ግን አይችልም። ለመድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ በማሰሮ ተክላችሁ ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት አስገቡት። ሌላውም ቃሪያ ቢሆን ከብርድ ከተጠበቀ ዓመታት የሚቆይ ተክል ነው፤ ቅርንጫፉን አሳጥራችሁ ውርጭ በማይደርስበት ጋራዥ ወይም መስኮት አጠገብ ካከረማችሁት በሚቀጥለው ዓመት ከችግኝ ቀድሞ ያፈራል።

ጓሮ የሌላችሁ ፒ-ፓች በሚባለው የከተማው የጋራ አትክልት ሥፍራ ተመዝገቡ፤ ፕሮግራሙ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ያለ ነው፤ ወረፋው ግን በአንዳንድ ሰፈር ይረዝማል። ዘር መዝራት ከሰለቻችሁ ቲልዝ አላያንስ የተባለው የአትክልተኞች ድርጅት በሚያዝያ ማብቂያ አካባቢ የችግኝ ሽያጭ ያዘጋጃል።

ከአገር ቤት በሻንጣ ዘር ወይም ትኩስ ቃሪያ ለማምጣት አታስቡ። ለዘር ፈቃድና የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ትኩሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰዳል፤ ሳያሳውቁ መገኘት ደግሞ ያስቀጣል።

7. ቤት ከገባ በኋላ

አትጠቡት። እርጥበት የቃሪያ ጠላት ነው። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ከማቀዝቀዣው ታች ባለው የአትክልት መሳቢያ አስቀምጡት። ቃሪያ የሚመቸው ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ነው፤ የቤት ማቀዝቀዣ ግን 4 አካባቢ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆዩት፤ ቆዳው መጎድጎድና መጥቆር ይጀምራል።

ለብርዱ ወራት የምታስቀምጡትን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ በትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግታችሁ በረዶ ቤት ክተቱ፤ ሲጠጥር በከረጢት አድርጉት። ከስድስት ወር በላይ ይቆያል። ሲቀልጥ ስለሚልፈሰፈስ ለስንግ አይሆንም፤ ለወጥ፣ ለቆጭቆጫና ለዳጣ ግን ከትኩሱ ብዙም አይለይም። እንደጠጠረ ክተፉት።

ቀዩን ለማድረቅ የሲያትልን ፀሐይ አትመኑ፤ ቀን የደረቀው ማታ እርጥበት ይመልሳል፤ ከዚያ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬ በምንም መንገድ አይበላም። ለሁለት ሰንጥቃችሁ በምግብ ማድረቂያ መሣሪያ 57 ዲግሪ ላይ አድርቁት፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ደርሷል። ስትፈጩ መስኮት ክፈቱ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

እጃችሁን ካቃጠላችሁ ውኃ ብቻውን አይረዳም፤ ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም። መጀመሪያ በዘይት አሹት፤ ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጠቡ። አፍ ሲቃጠል ወተት ወይም እርጎ ጠጡ። የመነጽር ሌንስ ዓይናችሁ ላይ የምታደርጉ ደግሞ ታይ ቃሪያ ከመክተፋችሁ በፊት አውልቁት፤ ጓንት ብታደርጉም።